አራት ዓመት የፈጀው ወረቀት

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ ሰዑድ፤ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ዕድሜህን እንደ ሐይቃችን ያስፋልን።

አባትህ ጉልበቱ ተሽሎት ማሽላውን አስገብቷል። እኔ ግን ከሰኞ ወዲህ ልቤ አልቀመጥ ብሎኝ ከበር እስከ ጓሮ እመላለሳለሁ። ይህን በስልኳ የምትጽፍልኝ እህትህ መስኡዳም ትስቅብኛለች።

ሰኞ ዕለት አብራህ የተማረችውን ሂዳያን ለትዳር ልንጠይቅልህ ሄደን ነበር። አባቷ ሼህ አሕመዲን "ሥራው ምንድን ነው?" ሲሉ አባትህን ቀድሜ እኔ ጣልቃ ገባሁ። "የዓለም ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ደንብ፣ ከየአገሩ ባለሙያ ጋር እየተከራከረ ይጽፋል" አልኳቸው። ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ! "ሁሉም እስኪስማማ አንዱ ሰነድ ብቻ አራት ዓመት ሆነው" ብዬ ጨመርኩ።

"አንድ ወረቀት አራት ዓመት የፈጀበት ሰው ልጄን መቼ ሊያገባ ነው?" አሉና ሳቁ። አንድ የውጫሌ ነጋዴም ለልጁ ጠይቋቸዋል፤ እስከ ጁምዓ ቁርጡን ሊነግሩን ነው።

ሂዳያ ግን ስትሸኘኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እትዬ፣ የሚቃወመውን ሰው አራት ዓመት ሳይቆጣ የሚያዳምጥ ወንድ አይቼ አላውቅም። ብቻ ለአባቴ ራሱ ይደውልላቸው።"

እባክህ ልጄ፣ ከጁምዓ በፊት ደውል፤ ሼሁን ግን እንደ ስብሰባችሁ አትከራከራቸው። አላህ አንደበትህን ያጣፍጥልህ።

እናትህ ሀውራ