አንድ ቦይ፣ አራት ቢሮ

ለከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ
ቢሮው ባለበት

ቀን፦ ሐምሌ 11

ጉዳዩ፦ የቦይ ዳሩን መንገድ እንድንለቅ የተሰጠው ውሳኔ ቆይቶ፣ ቆሻሻን፣ ውሃን፣ መብራትንና አየር ንብረትን የያዙት ክፍሎች ነገሩን በአንድነት እንዲያዩት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች በቦይ ዳሩ መንገድ መጨረሻ ቤት የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቢሮዎ በሬ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት መንገዱ የጎርፍ ስጋት ስላለበት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤታችን ፈርሶ ቦታው ችግኝ ይተከልበታል። ማስታወቂያው «ለነዋሪዎች በሙሉ» ይላል። ነዋሪዎች በሙሉ ማለት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ከአምናው ክረምት ወዲህ አንድ በአንድ ወጥተው አልቀዋል።

2. ውሃ ቤቴ እንደሚገባ አልክድም። ምንጣፌን አንስቼ፣ የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛ ላይ ሰቅዬ ነው የምኖረው። ቅር ያለኝ ጥፋቱ ሁሉ በሰማይ ላይ መላከኩ ነው። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይህ እውነት ነው፤ መስኮት ሥር የምውል ሰው ስለሆንኩ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን ጠብ ሳይል በከረመበት ሳምንትም ውሃው ዓርብ ዓርብ ይገባል። ሰማይ ዓርብን ለይቶ የሚጠላበት ምክንያት አይታየኝም።

3. ነገሩ እንዲህ ነው። የጽዳት ክፍሉ ጠራጊ ሐሙስ መንገዱን ጠርጋ ቆሻሻውን ከቦዩ ፍርግርግ አጠገብ ትከምራለች፤ የቆሻሻ መኪናው ቅዳሜ ከዚያ እንዲያነሳ ታዟልና። የውሃ ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ ዓርብ ዳገቱ ላይ ያለውን ማጠራቀሚያ አጥቦ ውሃውን በቦዩ ይለቃል። ውሃው ክምሩን ይዞ ፍርግርጉን ይደፍነዋል። እኔ በአካፋ ልከፍተው ሞክሬ ጉልበቴ አልቻለም። ቦዩ ሲሞላ ወደ መብራት ሳጥኑና ወደ እኔ ቤት ይገባል፤ የመብራት ክፍሉ አደጋ እንዳይደርስ ብሎ ያጠፋል። መብራት ሲጠፋ የውሃው ፓምፕ ይቆማል፤ ሰፈሩ ውሃ ያጣል። ገበያው ጄኔሬተሩን ያስነሳል፤ ጭሱን ሁላችንም እንምገዋለን። ጭሱን ሊለካ ደግሞ የእርስዎ ቢሮ ይመጣል።

4. ጠራጊዋና የውሃው ሠራተኛ እዚሁ መንገድ ላይ ዓመታት ሲሠሩ ተያይተው አያውቁም ነበር። ባለፈው ዓርብ እሷ የረሳችውን መጥረጊያ ልትወስድ መጥታ በእኔ በረንዳ ላይ ተገናኙ። «ክምሬን የሚበትንብኝ ውሻ ነው ብዬ ስንቱን ውሻ ስረግም ኖሬያለሁ፤ አንተ ነህ ለካ!» አለችው። እሱም «እኔስ ብትይ፣ እህቴ? ቦዩን የሚደፍንብኝን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ብዬ ስዝት ነበር እኮ» አላት። ሦስታችንም ሳቅን። እዚህ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል። ቀኑን ለመቀየር ግን ሁለቱም ሥልጣን የላቸውም፤ ቀን የሚያወጣላቸው የየራሳቸው መሥሪያ ቤት ነው።

5. አራቱንም ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ። ጽዳት፣ የውሃ ጉዳይ ነው አለኝ። ውሃ ወደ መብራት ላከኝ። መብራት የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብሎ ወደ እናንተ መራኝ፤ እናንተም ማስታወቂያውን ለጠፋችሁ። ማንም አላመናጨቀኝም። እውነቱን ልናገርና፣ የማናግረው ሰው ስለማገኝ ወረፋው እንኳ አላስመረረኝም።

6. የቤቴን ገመና ወደ ቢሮ ማምጣት አይገባኝም ነበር፤ ነገር ግን ካልጻፍኩት ጉዳዩ ጎዶሎ ይሆናል። ባለቤቴ ደረቷን ስለሚያማት እርጥበቱን አልቻለችም፤ ልጃችን ዘንድ ሄዳለች። ልጃችን ያላት አንድ ክፍል ነው፣ ለሦስተኛ ሰው መኝታ የለም። ዓርብ ዓርብ ባለቤቴ ትደውልልኛለች። ድሮ «እንዴት ዋልክ?» ትል ነበር፤ አሁን «ገባ?» ብቻ ነው የምትለው። «ገባ» እላታለሁ። ቤቱ ከፈረሰ የምትመለስበት አይኖርም። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ ክቡር ሆይ።

7. ስለዚህ ውሳኔው ለአንድ ክረምት እንዲቆይልኝ፣ አራቱ ክፍሎችም አንድ ላይ ተቀምጠው የክምሩን ቦታ፣ የማጠቢያውን ቀንና የመብራት ሳጥኑን ከፍታ በአንድ ዕቅድ እንዲወስኑ እለምናለሁ። አለዚያ የሚተከለው ችግኝም እንደ እኔ ዓርብ ዓርብ ውሃ ውስጥ መቆሙ ነው። ለስብሰባው አዳራሽ ከጠፋ ቤቴ አለ። ጎረቤቶቼ ሲወጡ መኪና ላይ አልጫን ያላቸውን ወንበር ሁሉ ለእኔ ትተውልኝ ስለሄዱ የመቀመጫ ችግር የለም። ዓርብ ቢመጡ ሁሉንም በዓይንዎ ያያሉ። ቀጠሮም አያስፈልግም፤ እኔ ከቤት አልጠፋም።

መምጣትዎን በመጠባበቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቦይ ዳሩ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለጽዳት ክፍል
ለውሃ ክፍል
ለመብራት ክፍል
ለባለቤቴ፣ ልጃችን ቤት፤ እጄን አጣጥፌ እንዳልተቀመጥኩ እንድታውቀው