ለወባ የተደረገ ሽምግልና

ዳንግላ፣ ነሐሴ ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ክንዴ፣

ጤናህን ጠይቄ፣ የአዲስ አበባን ዝናም ጠይቄ ልጀምር ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተናድጃለሁ። አባባ እኔ ያለሁበት ክሊኒክ ተኝተዋል። ወባ ነው። አሁን ተሽሏቸዋል፣ አትደንግጥ። ደብዳቤውን ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያን የወባ ኮሚቴ መቼም አትረሳውም፤ የአሠራሩን ደንብ የጻፍኸው አንተ ነህ። በየክሊኒኩ የታየው ሁሉ መጀመሪያ ይነበባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ባለሙያ ሌላውን ሳይሰማ ሐሳቡን ለብቻው ይጽፋል፤ ያልተስማማ ካለ ምክንያቱ ከነስሙ ከውሳኔው ሥር ይሰፍራል። ለሕመምተኛ የሚበጅ ምክር የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው ብለህ ስታስረዳኝ፣ የእኛ ቤት ልጅ እንዲህ ተማረ ብዬ ኮርቼብህ ነበር።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ነገሩ እንደ ደንቡ ሄደ። ድምፅ ባይኖረኝም የክሊኒኩ ነርስ ነኝና ከዳር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የሐኪም ረዳቶቹ፣ የድሬሰሮቹ አንጋፋ ጋሽ አየነው የወባ ኪኒን የአንድ ቀን ብቻ ይሰጥ አሉ፤ ከግምጃ ቤት ከተማ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ለነገ አይመለስም፣ ኪኒኑም ለሁሉ አይዳረስም። እውነት አላቸው። አንተ ደግሞ ሦስት ቀን አልህ፤ ደገኛ ቆላ ወርዶ ሲታመም ሰውነቱ ወባን አያውቃትም፣ በአንድ ቀን ኪኒን አትለቀውም። ያከምሃቸውን ሰዎች እያነሣህ አስረዳህ። ማንም አላስተባበለህም።

ከምሳ በኋላ ዋንዛው ሥር ሣሩ ላይ ስትቀመጡ ሁሉ ነገር ተበላሸ። ሰብሳቢው አዝመራው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ጋሽ አየነው እርስዎ አንድ ቀን ይጨምሩ፣ ክንዴም አንድ ቀን ልቀቅ፣ ሁለት ቀን ይሁንና ይብቃን አለ። ኧረ ወዲያ! የድንበር መሬት ነው እንዴ መሐል ለመሐል የሚከፈለው? ሁለት ቀን ሰጥቶ ያየ አንድ ሰው እንኳ ከመካከላችሁ አልነበረም። አንተም እምቢ አልህ፤ እሰይ ወንድሜ አልሁ በሆዴ። ከዚያ ጋሽ አየነው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተነሥተው ቆሙ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ቆሙ። እሺ እስክትለን አንቀመጥም አሉህ። አንተ ተምረህ የመጣኸው ሰውዬ፣ ሽማግሌ አላቆምም ብለህ ፈረምህ። ቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ስምምነት ተባለ። አንተም ለትምህርትህ አዲስ አበባ ሄድህ።

አባባ በሰኔ ከዘንገና ተነሥተው በሬ ሊገዙ ቆላ ወረዱና ትኩሳት ይዘው ተመለሱ። አዘና ያለው ክሊኒክ በምክራችሁ መሠረት የሁለት ቀን ኪኒን ሰጣቸው። ድሬሰሩን አልወቅሰውም፤ የተጻፈለትን ነው ያደረገው። ዳኑ ተባለ፤ ፈረሳቸው ላይ ወጡ፣ ለቅሶ ደረሱ። ከዚያ አገረሸባቸው። በቃሬዛ ሲያመጧቸው ስሜን እንኳ አያውቁም ነበር። ሦስቱን ቀን ሙሉ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከምክሩ ወጥተሻል ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ ይምጣ፤ እጠብቀዋለሁ።

አዝመራው ዘንድ ሄጄ ውሳኔው እንደገና ይታይ አልሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በስምምነት ያለቀ ነገር ድምፅ በሌለው ሰው አይከፈትም፤ ከፈረሙት አንዱ ራሱ መጥቶ ስምምነቴን አንሥቻለሁ ካላለ ኮሚቴው አይሰበሰብም። እስካሁን አዘናና ዳንግላ ብቻ ነው የሚሠራበት። መስከረም ሲጠባ ግን ለአውራጃው ክሊኒኮች ሁሉ ይበተናል። ያኔ ለአጨዳ ቆላ የሚወርደው ሁሉ የአባባ ዕጣ ይደርሰዋል፤ የሁሉም ልጅ ደግሞ ነርስ አይደለችም።

ይህን ሁሉ ለአባባ ነገርኋቸው። ስንቱን የተጣላ ያስታረቁ ሰው መሆናቸውን ታውቃለህ። በአገውኛ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ከዚያ፣

"ሽምግልና የሚቀመጠው ሁለቱም ባለጉዳዮች ባሉበት ነው። ወባዋን ማን ጠየቃት? እሷ አንድ ቀን ልቀቂ ተብላ እሺ ብላለች?" አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስሁ።

እንግዲህ ክንዴ፣ ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ፈተና አለብኝ እንዳትለኝ። ይህን ስጽፍ አባባ ከአልጋቸው ወርደዋል። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እባክዎ ይተኙ ብላቸው ሊሰሙኝ ነው?

"ልጄ እሺ የሚለው ሽማግሌ ሲቆምበት ነው አላልሽኝም? ቆሜያለሁ በይው" ብለውኛል።

በአንድ እጄ እሳቸውን ይዣለሁ፣ በአንድ እጄ እጽፋለሁ። ቶሎ ና፤ አስቀምጣቸው።

ደክሟት እንኳ ያልተቀመጠችው እህትህ፣
እታለማሁ