ያልታመነው ውጤት፦ የወይዘሮ ዙፋን ተስፋሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዙፋን ከአባታቸው ከአቶ ተስፋሚካኤል ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰጋሽ ይመር ኅዳር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1964 ዓ.ም. ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ እስኪታመሙ ድረስም የጨርቅ ጥራት ሲመረምሩ ኖረዋል። እንከን አያመልጣቸውም ነበር፤ የሰው ፊት ላይም ቢሆን።

በ1969 ዓ.ም. ከገላኑ ተወላጅ ከአቶ ቢቂላ ደበላ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሥርጉትንና ሮሪሳን አፍርተዋል።

በ1989 ዓ.ም. እናታችን ወይዘሮ አሰጋሽ በካንሰር ሲታመሙ፣ «ጨጓራ ነው፣ ይሻልሻል» እያሉ እስከ መጨረሻው ያስታመሟቸው ወይዘሮ ዙፋን ነበሩ። በሽታውን ማንም እንዳይነግራቸው ቤተሰቡን ሁሉ አስምለው ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ ወንድማቸው ቀናውም ምያለሁ።

በ1996 ዓ.ም. ጥር ወር አንገታቸው ላይ ንፍፊት ወጣ፤ ሳልም ተከተለ። ከንፍፊቱ ናሙና የወሰደው ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ ውጤቱ ገና ቢሆንም ካንሰር ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ከባለቤታቸው ጋር ተማክረን «ጉንፋን ያመጣው ነው» አልናቸው። በሳምንቱ ልብሳቸውን ለጎረቤት ማደል ጀመሩ። እኛም አይተን እንዳላየን ሆንን።

ሚያዝያ ላይ ውጤቱ ደረሰ። ካንሰር አልነበረም። ካንሰር የሚመስል፣ ግን ወደ ሌላ አካል የማይሠራጭ፣ ብዙም የማያጋጥም የንፍፊት ዕጢ ነበር። አንገታቸው ላይ ብቻ ሳይሆን ደረታቸው ውስጥም ነበረ፤ ያ አድጎ የአየር ቧንቧቸውን ሳይዘጋ በቀዶ ጥገና ከወጣ ይድናሉ ተባለ። ከታክሲ ወርጄ እየሮጥኩ ቤታቸው ገባሁ።

«እትዬ፣ ካንሰር አይደለም! ይድናሉ!» አልኳቸው።

ፊቴን ብዙ አዩት። «ለእማዬም እንዲሁ ነበር ያልናት» አሉ።

ሐኪሙ ራሱ ውጤቱን አስነበባቸው። «ተው ልጄ፣ እንዲህ በል ያሉህ እነሱ ናቸው» አሉት። ባለቤታቸው እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኑ፤ ልጆቻቸው አለቀሱ። ልቅሶው እንዲያውም ጥርጣሬያቸውን አጸናው። ቀዶ ጥገናውን እምቢ ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ፤ የሚቀበሩበትንም ቦታ ተናገሩ።

ክረምቱ ሲገባ ጋደም ብለው መተንፈስ አቃታቸው። ሐምሌ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ለቀስተኛው «ያ ክፉ በሽታ ነው» እያለ ያንሾካሹካል። አይደለም። እህቴን የወሰደብኝ የኔ ውሸት ነው።

ወይዘሮ ዙፋን ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በደጉ ስፍራ ይቀበልልን፤ እኛንም ይማረን።

እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩዎት እውነት ነበር።