በመዳፍ የተጫነው ሣር

ደሴ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጀላል፣

ሰላምታውን ሳላበዛ ፍሬ ነገሩን ልንገርህ። ይህ ወረቀት እጅህ እንደገባ ከኮምቦልቻ ውጣ። የመንገድ ሥራውን ተወውና ደጋን መንደር ወዳሉት ዘመዶችህ ሂድ። አስተርጓሚው ፈንታሁን ስምህን ይዟል፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርኩህ ራሴ ስለሆንኩ ለማንም ሳታስነብብ ብቻህን አንብበህ አቃጥለው።

ጠባዬን ታውቃለህ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው የምል ነኝ። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አንተን የጠረጠርኩህማ ገና ስንተዋወቅ ነው። አምስት ወር በጣሊያኑ ሻለቃ ግቢ አብረን ስንሠራ፣ ምሳችንን ከአንድ መሶብ ስንበላ፣ ቤትህ የት እንደነበረ አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። በመስከረም ከቦሩ ሜዳ ከነአፈሩ ቆርጠን ያመጣነውን ሣር ስናነጥፍ ደግሞ ባሰብኝ። ሌላው ሠራተኛ በእግሩ እየረገጠ ሲያስተካክል አንተ አጥሩ ሥር ያለችውን ቦታ ለብቻህ ይዘህ፣ ተንበርክከህ በመዳፍህ ትጫን ነበር። ላግዝህ ብዬ ስጠጋ «ተወኝ፣ ለዚች እኔ እበቃለሁ» አልከኝ። ለጣሊያን ሣር እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ወይ ሹመት ፈልጓል ወይ አንድ ነገር ደብቋል አልኩ።

ሥራው አልቆ እኔን አትክልተኛ አድርገው ሲያስቀሩኝ አንተ በየዓርቡ አጥሩ ጋ ቆመህ ወደ ውስጥ ታይ ነበር። ኋላም ሳትሰናበተኝ ኮምቦልቻ ወረድክ።

በጥቅምት ዝናቡ ሲቆም ሻለቃው «ባገራችን አዲስ ሣር የሚታከመው በዚህ ወቅት ነው» ብሎ አዘዘኝ። የደረቀውን በብረት ጥርስ አበጠርኩ፤ መሬቱ ውሃ እንዲጠጣ በሹል ብረት ወጋጋሁት፤ አሸዋና የተነፋ ፍግ በተንኩበት። የሳሳ ቦታ ቢኖርም ሣሩ ሥር ያዘ። ያንተ ቦታ ብቻ ቢጫ ሆነ። ወርዱ አንድ ክንድ፣ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል። ብረቱን ብሰድበት ድንጋይ ነክቶ ጮኸ። ጠርዙን ገለጥ አድርጌ ሳይ የተጠረበ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል።

ጠመንጃ ነው አልኩ። ርዝመቱ ልክ የአንድ ጠመንጃ ነው፤ ድንጋዩ ክዳኑ ነው። ቶሎ ሸፈንኩት። ቢገኝ የምሰቀለው እኔ ነኝ፣ ሣሩን የያዝኩት እኔ ነኝና። ሚስቴ አረጋሽ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። በአራተኛው ቀን ፈንታሁን ዘንድ ሄጄ «ያንን ጥግ ያነጠፈው ጀላል ብቻውን ነው፤ ሥሩ ያለውን እኔ አላውቅም» አልኩት። ስምህን ጻፈና «ሰኞ ይቆፈራል» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ዓርብ ዕለት ባለቤትህ ጣይባ መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች። አንተ የላክሃት መስሎኝ ላባርራት ሄድኩ።

«ማንን ነው የምትሰልዪው?» አልኳት።

«ልጄን ነው፣ አያ ቀለሙ። አብሽር፣ አልገባም። ጀላል እስኪመለስ በየጁምዓው ዱዓ አድርጊላት ብሎኝ ነው።»

«የቷን ልጅሽን?»

«ሳፊያን ነዋ! ያ አውሮፕላን ደሴን የደበደበ ዕለት አለቀችብን። መቃብር የሚያደርሳት ሰው ጠፍቶ እዚሁ ጓሯችን ቀበርናት። ወላሂ፣ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኋላ ቤታችንን አፍርሰው ይሄን ሠሩበት። የራስጌዋን ድንጋይ ያዩ እንደሆን ቆፍረው ይጥሏታል ብሎ ጀላል ድንጋዩን አስተኝቶ ሣር አለበሳት።»

ያደረግሁትን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ፈራሁ።

እሑድ ሻለቃው ጸሎት ሲሄድ፣ ግንበኞች ከተዉት ድንጋይ ሦስት ጠፍጣፋ መርጬ ሣሩ በሳሳባቸው ሦስት ቦታዎች ቀበርኩ። ዘበኛው «ሰንበት አይደለም ወይ?» አለኝ። «የሻለቃው ሣር ሰንበት አያውቅም» አልኩት። ድቁና ባይዘልቅልኝም በሰንበት ዶማ ይዤ አላውቅም ነበር።

ትናንት ሰኞ ወታደሮቹ መጡ። እየመራሁ መጀመሪያ የራሴን ድንጋዮች አስቆፈርኳቸው። ሦስተኛው ሲወጣ «ግንበኞቹ ትራፊያቸውን ቀብረው ነው፤ ያኛውም ይኸው ነው፤ ድንጋይ ላይ ሣር አይጸድቅም» አልኩ። ሻለቃው ሣሩ መበላሸቱን ሲያይ ፈንታሁንን በሰው ፊት ሰደበው፤ የቀረውን እኔ አውጥቼ እንድጠግን አዞኝ ገባ። ፈንታሁን ግን አንተ ላይ ጥርሱን ነክሷል። ሐሙስ ኮምቦልቻ ወርጄ ራሴ እጠይቀዋለሁ ብሏል።

የሳፊያን ድንጋይ ብቻዬን አነሣሁት። ከሥሩ ያለውን አፈር አልነካሁም። ከላይ ፍግ የሌለበት ንጹሕ አፈር ጨምሬ አዲስ ሣር አለበስኩ። ልረግጠው እግሬን አነሣሁና መለስኩት። ተንበርክኬ በመዳፌ ተጫንኩት፤ አለቀስኩም። ድንጋዩን ለደጄ ደረጃ ይሆነኛል ብዬ ለምኜ ወስጄዋለሁ፤ አሁን ከቤቴ በር ኋላ ቆሟል። አገር ሲረጋ አንተው ትተክለዋለህ። ቦታው ከአጥሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለጣይባ በቃል ነግሬአታለሁ፤ ወረቀት አላምንም። ይህን የምታደርስልህም እሷ ናት። ጥፋቴን ዛሬ ነገርኳት። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ብትለኝም አላምንህም። ብቻ ከዚያ ውጣ።

አዲሱን ቦታ በአራት ችንካርና በገመድ ከብቤ፣ ሻለቃውን «ሥር እስኪይዝ ጫማ ከነካው ይሞታል» ብዬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሲወጣ አየሁት። ገመዱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ዳር ዳሩን ይዞ፣ እግሩን እየመረጠ ዞሮ አለፈ። ሥር ሲይዝ ሌላ ምክንያት አላጣም። እኔ እዚህ እያለሁ ልጅህን ማንም አይረግጣትም።

የጠረጠረህ ወንድምህ
ቀለሙ