ከታችኛው ጣውላ የተነሣው ዝምታ

እኅታችን በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ሙሉ ስማቸው በዚህ ፕሮግራም ሽፋን ላይ ስለታተመ አልደግመውም፤ በሕይወት ሳሉም በዚያ የሚጠራቸው አልነበረም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ያደገ ሁሉ የሚያውቃቸው «እትዬ ዝምታ» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ምክንያቱንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያወራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ ሳለን እሳቸው ሲያነቡ ያስነጠስኩ እንደሆነ ከክፍል ያስወጡኝ ስለነበር፣ ስሙን ማውጣት የነበረብኝ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነበርኩ፤ ተማሪዎቹ ቀደሙኝ እንጂ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1972 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ተረከቡ። ቤተ መጻሕፍት ማለት ያን ጊዜ አንድ የማይዘጋ ቁም ሳጥንና መሬት ላይ የተከመረ መጽሐፍ ነበር። በ1974 ዓ.ም. መደርደሪያ እንዲሠራ አንድ አናጢ ተቀጠረ። እኅታችን የጣውላውን ልስላሴ በመዳፋቸው እየፈተሹ ሦስት ጊዜ አስፈረሱት፤ እሱም ሳይሰለች ሦስት ጊዜ መልሶ ሠራው። በዓመቱ ተጋቡ። «ለሁለት ሳምንት ሥራ መጥቶ ይኸው እስከ ዛሬ አልጨረሰም» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል። ሁለት ሴቶች ልጆችም አፈሩ።

ያ መደርደሪያ አንድ ግድግዳ ሙሉ የያዘ ሲሆን ጣውላዎቹ ከልጅ ቁመት ጋር አብረው ወደ ላይ የሚወጡ ነበሩ። ከታች የመዋዕለ ሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት፣ ከዚያ በላይ ተረቶች፣ እያለ እያለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት ላይ ይደርሳል። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር እያንዳንዱ ልጅ ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ ይቆማል፤ ጭንቅላቱ የደረሰበት ጣውላ የዓመቱ ጣውላው ይሆናል። በእግር ጣቱ የሚቆምን ልጅ ትከሻውን ጫን ያደርጉና «ተረከዝህን አውርድ፤ መጽሐፉ አይሸሽህም» ይሉታል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ጢም አውጥታችሁም ያቺ መዳፍ ትከሻችሁ ላይ የምትሰማችሁ ትኖራላችሁ።

ትንንሾቹ ማንበብ አይችሉም። መጽሐፉን ዘርግተው ሥዕሉን እያዩ የሌለ ታሪክ ይፈጥራሉ፤ ዝሆኑን አክስቴ ነች ይላሉ፤ ይጣላሉ፤ ይንጫጫሉ። እኅታችን ዝም አሰኝተው የማያውቁት የእነዚህን ጫጫታ ብቻ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈተና መለማመጃ መጻሕፍት በብዛት መጡና ማስቀመጫ ጠፋ። የጊዜው ርእሰ መምህር «ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» አሉ። እኅታችን የትልልቆቹ ፈተና አሳስቧቸው ነበርና የትንንሾቹ ጣውላ ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲለቀቅ ተስማሙ። ባለቤታቸው «ከሥር የሚነሣ ነገር ደስ አይለኝም» ማለታቸውን አልረሳም። አናጢ ስለሆኑ ነው ብለን ሳቅን። የሥዕል መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ከደረጃው ሥር ካለው ዕቃ ቤት ገቡ። በክረምቱ ቧንቧ ፈነዳ። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ድንጋይ ሆነው ስለነበር በጋሪ ተጭነው ወጡ። ዳግም የሚገዛም አልተገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመለማመጃ መጻሕፍቱም ጊዜ አለፈባቸውና ተነሡ፤ የታችኛው ጣውላ ባዶውን ቀረ።

ቧንቧው በፈነዳበት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት የነበሩት ትንንሾች ያለ ሥዕል መጽሐፍ አንደኛ ክፍል ገቡ። እንደ ደንቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ጣውላቸው ተነገራቸው፤ ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ወጡ። አንድም መጽሐፍ የነካ አልነበረም። ጎበዞች ናቸው፣ ጨዋ ናቸው ተብለው ተመሰገኑ። እኅታችን ግን ያን ዕለት ምሳቸውን ሳይበሉ ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ አንድ ጣውላ ከፍ አሉ፤ ዝምታውም አብሯቸው ወጣ። ከኋላቸው የሚመጡትም እንደነሱ ነበሩ። የተረቱ ጣውላ አቧራ ለበሰ፤ ቀጥሎ ከሱ በላይ ያለው። ከላይ ያሉት ትልልቆቹ ገና እየተሻሙ ያነቡ ስለነበር የደነገጠ ሰው አልነበረም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም በየጠዋቱ መሄዳቸውን አልተዉም። ርእሰ መምህር በተለወጠ ቁጥር የታችኛውን ጣውላ ሙሉልኝ ብለው ይለምኑ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏቸዋል፤ እነሱም ለሚቀጥለው በጀት ይላሉ። በገዛ እጃቸው የገዟቸውን ጥቂት መጻሕፍት በዘንቢል ይዘው ለትንንሾቹ ማንበብ ጀምረው ነበር፤ ያም ሰዓት ለሒሳብ ማጠናከሪያ ተወሰደ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ልጆች አንደኛ ክፍል ከገቡ ጀምሮ፣ ቤት ሲመጡ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «የት ደረሱ?» ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥረኛ እንላቸዋለን። ሰላምታ እስኪመስለን ለመድነው። እሳቸው ግን በጠየቁ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

ባለፈው ዓመት ሕመማቸው ጠናባቸው፤ የልብ ድካም ነው ተባለ። ሆስፒታል ሆነው «የት ደረሱ?» ሲሉ ነርሷ ጠያቂ የሚጠብቁ መስሏት «መንገድ ላይ ናቸው እትዬ፣ ይመጣሉ» አለቻቸው። እኅታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አንባቢ የሌለውን ክፍል ለፈተና አዳራሽ ለመስጠት ሐሳብ አቀረበ። ክፍሉ አንባቢ እንደሌለው እውነት ነው፤ አንባቢው የት እንደቀረ ግን የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ የጠየቁኝ ዕለት አልዋሸኋቸውም። «አሥራ ሁለተኛ ገቡ» አልኳቸው። «ከዚያ በላይማ ጣውላ የለም» አሉ። ጥቅምት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተዋል። የመጨረሻዋ የልጅ ልጃቸው ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። አያቷ አናጢው ከትናንት በስቲያ ይዘዋት ሄደው ከመደርደሪያው ሥር አቆሟት። ጭንቅላቷ ልክ የታችኛው ጣውላ ላይ ደረሰ። ዞር ብላ እጇን ጣውላው ላይ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ «እንሂድ» አለቻቸው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ነው ያለቀስኩት።

ኮሚቴው የሚወስነው ሐሙስ ነው። አባላቱ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል፤ ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ልጆች በሚንጫጩበት ስፍራ ያኑርልን። እኛንም እሳቸው በመጨረሻ ከሰሙት ዝምታ ያውጣን። አሜን።