የኔታን ያሳፈርኩበት እሁድ

ሰኞ

ዛሬም አልወጣሁም። አህመድ ቤት ከገባሁ አሥራ ሁለት ቀኔ። እዚህ ባተርሲ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። ሃርልስደን ሰፈር ካለው ቤቴ ድረስ መጥተው በር እየደበደቡ «መናፍቅ፣ ውጣ» ያሉኝን የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች ልጄ ሜሮን በመስኮት አየቻቸው። የአንዱን ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አህመድ የስደተኛ መጠለያ ጓደኛዬ ነው። ሙስሊም ቤት ተደብቄ ወንጌል እተረጉማለሁ። ሉቃስን ከግዕዝ ቤት ውስጥ ወደምንናገረው አማርኛ፣ እዚህ የተወለደችው ሜሮን እኔን ሳትጠይቅ እንድታነበው። ዛሬ ስድስት ቁጥር ብቻ።

ማክሰኞ

ጴጥሮስ ጌታውን አላውቀውም ብሎ የሚያለቅስበት ላይ ደረስኩ። «መሪር ልቅሶ» ብዬ ጻፍኩ። ለዘይነባ፣ ለአህመድ ሚስት፣ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየላጠች «ማነው እንዲህ የሚያወራው? ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ በል» አለችኝ። ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ያ እሁድ መጣብኝ። ከቅዳሴ በኋላ ትርጉሜን ላነብ ተነሳሁ። ማንበቡ ብቻ ይበቃ ነበር። ወደ የኔታ ጣቴን ቀስሬ «እሳቸውም የሚያዜሙትን አይረዱትም» አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው አስቀምጠው ግዕዝን ከባዶ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ሳቀ። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በዚያው ሳምንት ነው በሬ የተደበደበው።

ረቡዕ

ባለቤቴ ሂሩት ደወለች። ሜሮን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ጨርሳ «ከዚያስ?» ብላለች። ደስታዬ ደቂቃ አልቆየም፤ ቀጥላ የየኔታን ነገር ነገረችኝ። የኔታ ከዚያ እሁድ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ሊጠይቃቸው ለሚመጣ ሁሉ «ልጄ እውነቱን ነው፤ ሁሉንም አልረዳውም» ይላሉ አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

የኔታ ቤት ሄድኩ። ከክላፋም ጣቢያ በባቡር፣ ኮፍያዬን ደፍቼ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ያልከው ውሸት አይደለም» አሉ። «ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አብረን እንፈልገው ነበር።»

ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁ። አንብብልኝ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሁለት ቦታ አረሙኝ፤ ሁለቱም ላይ ልክ ነበሩ። ስንት ዓመት እንዲህ ተቀምጠን መሥራት እንችል ነበር። ስወጣ ከእንግዲህ እንደማያዜሙ ነገሩኝ። ቁጣ የለበትም፤ ድምፄ አይወጣም አሉ።

ዓርብ

ለቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደወልኩ። እሁድ በሰው ፊት የኔታን ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩት። «ጽሑፉንም ታቃጥላለህ» አለ። እሱን አላደርገውም ስለው ዘጋብኝ።

ለየኔታ ደውዬ ነገርኳቸው። «ባያስገቡኝ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ እላለሁ። እርስዎ ከሌሉ ግን ለማን እላለሁ?»

ወንበራቸው ሲንቋቋ በስልኩ ተሰማኝ። የተነሱ መሰለኝ።

«እኔ ቤት ስንት ሰዓት ትመጣለህ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት።»

«እንግዲህ አንኳኳ» አሉ። «ከከፈትኩልህ እንሄዳለን።»