የባባ መኪና መስኮቶች

ባያን፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

እዚህ ዓረብ አገር የምሠራበት ቤት አባወራ፣ ባባ፣ በኮሮና ታመው ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ አሮጌ መኪናቸው ግቢ ውስጥ ቆሟል። የመስኮቶቹ ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ በፀሐይ ነጥቷል። ትናንት ማዳም ማጥቆሪያ ቅባት ሰጡኝና «ሲመለስ አይቶት ደስ ይበለው» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት አጥቤ፣ አድርቄ መቀባት ስጀምር ልጃቸው ደወለልኝ።

«ባባ ሌሊት አረፈ። መጥቼ እስክነግራት ለእማማ ምንም እንዳትዪ።»

መቀባቴን ቀጠልኩ። ፕላስቲኩ እንደ አዲስ ጠቆረ፤ እንባዬ ግን አልቆም አለኝ። ማዳም ወጥተው አዩኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«የቅባቱ ሽታ ነው፣ ማዳም።»

«በይ አረፍ በይ» ብለው ጨርቁን ከእጄ ወሰዱና በባባ በኩል ያለውን መስኮት እያንጎራጎሩ ራሳቸው ቀቡት።

ሰዓት እላፊው ሊጀምር ነው፤ ልጃቸው እስካሁን አልመጣም። ማዳም በረንዳው ላይ ተቀምጠው መኪናውን ያያሉ። ሻይ ላደርስላቸው ይገባ ነበር፤ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።